ከፈተና በኋላ ክፈተው

ካሁን ቀደም ላልተከተላችሁኝ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ በረጅሙ ለመድገም አንጀቱም የለኝ። ናዝሬት እባላለሁ። ሃያ ዓመቴ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው የመምህር ሸዋንግዛው የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እሱ ደግሞ ሀብተጊዮርጊስ ይባላል፤ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ የመስቃን ልጅ፣ አባቱ በርበሬ ነጋዴ። ስሙ ከዕድሜው ስለሚበልጥና በታሪክ መጽሐፋችን ውስጥም ትልቅ ሞክሼ ስላለው ክፍሉ በሙሉ «ፊታውራሪ» ነበር የሚለው። እኔ ሀብቴ እለው ነበር። ሁለታችንም ማትሪክ የወደቅን ነን፤ እኔ አንዴ፣ እሱ ሁለቴ። ሌላው ሰው በሰርግ፣ በማኅበር፣ በሰፈር ይተዋወቃል። እኛን ያስተዋወቀን አባቴ ለወደቁ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጠው የሂስትሪ ቲቶሪያል ነው።

የሶሻል ተማሪ ከሁሉም ቢያመልጥ ከሂስትሪ አያመልጥም፤ ግዴታ ነው። እኔን የጣለኝ ሒሳብ ነው እንጂ ሂስትሪ አልነበረም። የታሪክ አስተማሪ ልጅ ዓመተ ምሕረትን ከጡት ጋር ነው የምትጠባው። ሀብቴ ደግሞ ሒሳብን እንደ ቆሎ እየቆረጠመ ሂስትሪ ላይ ሲደርስ ጥርሱ የሚሰበር ሰው ነበር። ስለዚህ ተዋዋልን። እሱ ሒሳብ ሊያስረዳኝ፣ እኔ ሂስትሪ ላስጠናው፣ ቅዳሜ ከቲቶሪያሉ በኋላ፣ በወጣት ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ እግሩ በሚነቃነቀው ጠረጴዛ ላይ።

አጠናኑ ያስቀኝ ነበር። ዓመተ ምሕረት ስነግረው ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩን እያነቃነቀ ሦስት ጊዜ ይለዋል፤ በእያንዳንዱ ጉልበቱን በጣቱ መታ ያደርጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስጠይቀው ግን ምንም የለም። አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር ሳያጠና የሚያውቀው፤ ስለ ሲራራ ነጋዴዎችና ስለ ረጅም ርቀት ንግድ የሚያወራው።

«ይሄ ታሪክ አይደለም እኮ፣» አለኝ አንድ ቀን መጽሐፉን ገፋ አድርጎ። «ይሄ የኛ ቤት ወሬ ነው። በቅሎዋን በአይሱዙ ቀይሪያት፣ አሞሌውን በበርበሬ ቀይሪው፣ አባባ ነው። የት ቀረጥ እንደሚከፈል፣ የት እንደሚታደር፣ ማን እንደሚያታልል ሁሉ እኔ ልንገርሽ።»

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሳየው እሱም እያየኝ ነበር። ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ መጽሐፉ መለስን፤ ግን የቱ መስመር ላይ እንደነበርን ማናችንም አላገኘነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ አላልቅ ይለኝ ጀመር።

የእሱ አባት ቁርጡን ነግረውታል። «ወንድሞችህ በሃያ ዓመታቸው ሱቅ ከፍተዋል። ሦስተኛውን ሞክር። እምቢ ካለህ መርካቶ አጎትህ ጋ ትገባለህ፤ አራተኛ የሚባል ነገር የለም።» የኔም አባት ቁርጥ ነበረው፤ ያው እሱን ደግሞ ሳይጠየቅ ነው የሚናገረው። አባቴ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። ቡታጅራ ወልዶ፣ ቡታጅራ ከብዶ፣ እስካሁን እንግዳ ነኝ ብሎ ያስባል። አስተማሪ ቀን ደመወዙን ሲያማ ውሎ ሲመሽ ነጋዴን ይንቃል፤ አባቴም ከዚህ ወግ አልወጣም። «ያልተማረ ሰው በዚህ በር አይገባም» ይል ነበር፤ በሩ የኪራይ ቤት በር መሆኑን ረስቶ።

እኛ ግን መንገዱ ቀላል መስሎን ነበር። ፈተናውን እናልፋለን። ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ እንገባለን። ያኔ የማን አባት ምን ይላል?

* * *

ያጋለጠን የራሱ የሀብቴ እጅ ነው። ወደ ፈተናው ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን አባቴ የሒሳብ ደብተሬን እየገለጠ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ከሠራሁት ሥሌት ጎን በቀይ እስክሪብቶ «መልስሽ ልክ ነው፤ ዓይንሽም ልክ ነው» የሚል ተጽፎበታል።

«ዓይንሽም ልክ ነው ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ መነጽሩን አውልቆ። «አዲስ ቀመር ነው?»

እናቴ ወጥ ቤት ሆና ሳቋን ስትውጥ ሰማኋት። እኔ ግን አልሳቅኩም። አባቴ ሲቆጣ አይጮኽም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ያኔ ነው የሚያስፈራኝ።

«የነጋዴው ልጅ ነው አይደል?»

«አባዬ፣ እሱ ጎበዝ ልጅ ነው። ዘንድሮ ያልፋል።»

«ካለፈ እኔ አፍ የለኝም። ሽማግሌ ይላክ፣ ተነሥቼ እቀበላለሁ። ከወደቀ ግን በዚያው ቀን በቃ ትይዋለሽ። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ተስፋ የሚባል የለም። አምና አንቺ ስትወድቂ ሦስት ወር አንገቴን ደፍቼ ነው ይቺን ከተማ የተመላለስኩባት። ሁለተኛ አልደፋም። ማይልኝ።»

«አባዬ…»

«በኔ ማይልኝ።»

«አንተ ትሙት፣» አልኩት።

ሁለት ቃል ናት። ማለፉን አምኜ ነው እንጂ ቢወድቅ ምን እሆናለሁ ብዬ አይደለም የማልኩት፤ እንዲያ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ የሚያጽናናው ነገር አያጣም።

* * *

ፈተናው የሚሰጠው ወልቂጤ አጠገብ ባለው ካምፓስ ውስጥ ነው። በአውቶቡስ ወሰዱን። ስልክ የሚባል ነገር በሩ ላይ ቀረ፤ ወንዶች በአንድ ጫፍ፣ ሴቶች በሌላ ጫፍ አደርን። መፈተኛ ክፍል ይዞ መግባት የሚፈቀደው እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስና የመፈተኛ ካርድ ብቻ ነው። ይህን በየቀኑ በድምፅ ማጉያ ይነግሩናል። ይህን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አውቃለሁ።

ሂስትሪ የመጨረሻው ቀን ላይ ወደቀ። ከሱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ የላይኛው አልጋ ላይ ተንጋልዬ አባቴን አሰብኩ፣ መሐላዬን አሰብኩ፣ ሀብቴን አሰብኩ። ፈተናው እንዳለቀ አውቶቡሶቹ በየወረዳው ጭነውን እንደሚበተኑ አውቃለሁ። ስልክ የለም፤ ላገኘው አልችልም። ባገኘውስ ፊት ለፊት ልነግረው አቅም ነበረኝ? አልነበረኝም። ስለዚህ ልጽፍለት ወሰንኩ።

የነበረኝ ወረቀት የአባቴን ኖት በእጄ የገለበጥኩበት የሂስትሪ ደብተር ብቻ ነው። ከመጨረሻው አንድ ቅጠል ገነጠልኩ። ፊቱ ተሞልቷል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ገልብጬ እንኳ አላየሁም። በኛ ቤት ሂስትሪ የተጻፈበት ወረቀት ብርቅ አይደለም፤ እናቴ ቅመም የምትጠቀልለው በሱ ነው። በጀርባው፣ ከታች በኩል፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ሀብቴ፣ ይህን ስታነብ ፈተናው አልቋል። ለአባዬ ምዬለታለሁ። ካለፍክ ያንተ ነኝ። ከወደቅክ ግን አትደውልልኝ፣ አትፈልገኝ፣ መንገድ ላይም ሰላም አትበለኝ። ሌላ ዓመት የምጠብቅበት አቅም የለኝም። ይቅር በለኝ። ናዝሬት»

ጽፌ ስጨርስ ደግሜ አላነበብኩትም። አጣጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከታችኛው አልጋ ሳቢሪን፣ የቲቶሪያል ጓደኛዬ፣ «ናዚ፣ እያለቀስሽ ነው?» አለችኝ። «ጉንፋን ነው» አልኳት።

ጠዋት ቁርስ ሰልፍ ላይ አየሁት። የወንዶቹና የሴቶቹ ሰልፍ ጎን ለጎን ነው። ከሩቅ ሲያየኝ በጣቱ ጭንቅላቱን መታ መታ አደረገ።

«ሁሉም አሉ፣» አለኝ ሲጠጋኝ። «ዛሬ አንዱም ዓመተ ምሕረት አላመለጠኝም። ሌሊቱን ሙሉ በሩ ላይ ዘበኛ ሆኜላቸው ነው ያደርኩት።»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ አንጀቴን በላው። ወረቀቱን በፍጥነት እጁ ውስጥ አደረግኩለት።

«ምንድን ነው?»

«ከፈተና በኋላ ክፈተው።»

«አሁን ብከፍተውስ?» ብሎ ሳቀ። መልካም ነገር መስሎታል።

«ሀብቴ፣ በናትህ። ከፈተና በኋላ።»

«እሺ። በናቴ ካልሽኝ እስክሪብቶ እስካስቀምጥ አልነካውም።»

ወዲያው ፖሊሶቹ ከመመገቢያው በቀጥታ ወደ መፈተኛ ክፍሎቹ ያሰልፉን ጀመር። የወንዶቹ መኝታ ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ተመልሶ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አልነበረውም። እዚያ ቦታ ላይ መስጠቴ ይዘኸው ግባ ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልታየኝም። የታየኝ የራሴ ሸክም ከእጄ መውጣቱ ብቻ ነው፤ እፎይ አልኩ።

* * *

ከፈተናው ስወጣ ግቢው በሙሉ አንድ ወሬ ይዟል። ሳቢሪን እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። እሷና ሀብቴ አንድ ክፍል ነበሩ።

«ፊታውራሪ ተያዘ! ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት። ተቆጣጣሪዋ አጠገቡ ስትደርስ ከካልሲው ውስጥ የወረቀት ጫፍ አየች። ጎትታ ስታወጣው ተዘረጋ። እሱ አንዴ አየውና እመር ብሎ ግማሹን ቦጨቀው፤ አፉ ውስጥ ከተተና ዋጠው! ሁሉም ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ሾርት ኖት ነው። ሂስትሪ! ‹ማን ሰጠህ?› ሲሉት ‹ማንም፤ የራሴ ነው› አለ። አስፈርመው አስወጡት። የሁሉም ትምህርት ውጤቱ ይሰረዛል አሉ።»

አሁን ሳስበው ለሕፃን ልጅ እንኳ የሚገባ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ የሰጠሁት ደብዳቤ ነው፤ የኩረጃ አጤሬራ አልሰጠሁም። ደብዳቤዬን ሳስብ የሚታየኝ የጻፍኩበት ጀርባ ብቻ ነው፤ ፊት እንዳለው ትዝ አላለኝም። ምናልባትም ገብቶኝ ነበር፤ እንዳይገባኝ ነው የፈለግሁት። ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ በጣም የሚመች ሌላ ታሪክ ፈጠርኩ። ቃሉን አላከበረም፤ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ደብዳቤዬን አንብቧል፤ ፈርቷል፤ በጥናቱ አላመነም፤ ከአንዱ አጤሬራ ተቀብሎ ገብቷል። ያን ሁሉ ቅዳሜ ጭንቅላቴን ያደከምኩለት ሰው፣ ለካ ሌባ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ልጆቹ «ፊታውራሪ ወረቀት በላ» እያሉ ያጨበጭባሉ። ከፊት ወንበር አንዷ ዞር ብላ «ያንቺ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«የማን? አላውቀውም፣» አልኳት።

ቡታጅራ እስክንደርስ በመስኮቱ ነበር የማየው። ሳቢሪን እጄን ልትይዘኝ ስትል እጄን ነጠቅኳት።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ ጻፈልኝ፤ «በሰላም ገባሽ ናዚ?» ብቻ። ስለ ፈተናው አንድ ቃል የለውም። ይህን ያህል ዓይን ያወጣ ሰው አለ ወይ ብዬ ተንገበገብኩና መለስኩለት፤ «በኩረጃ ከሚኖር ሰው ጋር የማወራው የለኝም።» ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ነሐሴ ሳይጋመስ መርካቶ ወረደ ሲሉ ሰማሁ። አባቴ ምንም አላለኝም። «ነግሬሽ ነበር» እንኳ አላለኝም፤ ይህ ከአባቴ ጠባይ የማይጠበቅ ነገር ነበር። አዝኖልኝ ነው ብዬ ወደድኩት።

* * *

ውጤት የወጣው በጳጉሜ ነው። አለፍኩ። ሂስትሪ ሰባ ስምንት አመጣሁ። አባቴ አንገቱን አቅንቶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ፤ በግ ታረደ። እናቴ እልል ስትል እኔ ጓዳ ገብቼ ምክንያቱን የማላውቀው ለቅሶ አለቀስኩ።

አዲሱ ዓመት በገባ በሳምንቱ ለዩኒቨርሲቲው ኮፒ የሚደረግ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ስፈልግ የአባቴን ፋይል ከፈትኩ። አባቴ የትምህርት ቤቱ የፈተና ኮሚቴ አባል ነው። ከካርዴ ሥር አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ከመፈተኛ ጣቢያው ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ፣ የሀብተጊዮርጊስ ስም ያለበት። ከጀርባው «በተፈታኙ እጅ የተገኘ ማስረጃ» የሚል ፎቶ ኮፒ ተያይዟል።

ግማሽ ወረቀት። ጫፉ የተቦጨቀ። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ርዕሱን አነበብኩ። ስለ ሲራራ ነጋዴዎችና ስለ ረጅም ርቀት ንግድ ነው። በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ ሀብቴ መስረቅ የማያስፈልገው ምዕራፍ ቢኖር ያ አንዱ ብቻ ነው።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩት። ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ።

«መቼ አወቅክ?»

«በመጣ ቀን። የእጅ ጽሑፍሽን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«እና ዝም አልክ?»

ተቀመጠ። ያን ቀን አባቴ ያረጀ መሰለኝ። «ብናገር የሱ አይመለስም፤ ሕጉ ሕግ ነው፣ ወረቀት ይዞ ገብቷል። ያንቺ ግን አብሮ ይሰረዝ ነበር። አባት ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም። ደግሞ ልጁ ቀድሞ መርጧል። እኔ የመረጠውን ነው ያጸናሁት።»

«ትንቀው ነበር።»

«እንቀው ነበር፣» አለ አባቴ። መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

* * *

የመስቀል ሰሞን መርካቶ ያለ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። በመስቀል ያልመጣ ሞቷል ወይ ታስሯል ነው የሚባለው። ስለዚህ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። የደመራው ዕለት ከሰዓት በጋሪ ወደ እነሱ መንደር ሄድኩ። በሁለቱም ጎን የበርበሬው ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። መንገዱ በጡሩምባና ከአዲስ አበባ በመጡ መኪናዎች ተጨናንቋል፤ ሰው ሁሉ ይሳሳማል።

እናቱ እትዬ አሰፋሽ በሩ ላይ አገኙኝ። ማን እንደሆንኩ ወዲያው አወቁኝ፤ እኔ ግን አይቻቸው አላውቅም።

«የመምህሩ ልጅ አይደለሽ? ነይ ግቢ። በመስቀል ሰው ደጅ አይቆምም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ ተጣልታችሁ እንደሆን እሳቱ ሳይለኮስ ታረቁ። እኛ ዘንድ ቂም ይዞ መስቀል አይበላም። እሱ ምንም አይነግረኝም፤ ጉንጩ ግን እንዴት እንደገባ ታዪዋለሽ።»

ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር በተጋደመ ግንድ ላይ ተቀምጧል። አዲስ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ ጸጉሩን አሳጥሯል። ሲያየኝ ተነሥቶ እንደ እንግዳ ጨበጠኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ ናዝሬት። ሂስትሪ ሰባ ስምንት አሉኝ።»

ናዚ አላለኝም።

«ሀብቴ፣ ወረቀቱን አየሁት፣» አልኩት። «አባዬ ጋ ያለውን ግማሹን።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርከኝም? ስሰድብህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? በስልክ የጻፍሽልኝን ስድብ ሳነብ በመጀመሪያ በጣም አመመኝ። በኋላ ግን ይሻላል አልኩ። አውቅሻለሁ እኮ፤ እውነቱን ብትሰሚ በነጋታው ሄደሽ ‹ወረቀቱ የኔ ነው› ትያቸዋለሽ። አንቺ አያስችልሽም።»

ወረቀቱን ካገኘሁት ስምንት ቀን ሆኖኝ ነበር። ስምንቱንም ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ግን አልነገርኩትም።

«አሁን እናገራለሁ፣» አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አላሳመነኝም።

«እንዳታደርጊው! የኔ አይመለስም፤ ያንቺ ይሰረዛል። ያኔ በከንቱ ነው የዋጥኩት ማለት ነው። በይ ማይልኝ።»

ደግሞ መሐላ። «አልናገርም፣» አልኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ ከኔ የተፈለገው መማል ብቻ ነው፤ እሱንም አውቅበታለሁ። እንባዬ መጣ።

«ለምን ዋጥከው ሀብቴ? ለምን ‹የናዝሬት ነው፣ ደብዳቤ ነው› አላልክም?»

«ሲዘረጋ ከታች ስምሽን አየሁት። ስምሽን ብቻ። ሴትየዋ ሳታነበው አልኩ፤ እጄ ቀደመኝ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ሌላውን ለማንበብ ጊዜም አልነበረኝ። ደግሞ ከፈተና በኋላ ብለሽኝ ነበር።»



«አላነበብከውም?»

«አንዲትም ቃል። በናቴ አይደል ያልሽኝ?»

ያን ሁሉ ክረምት አንብቦታል ብዬ ነበር የማስበው። አንብቦ ነው የከዳኝ ብዬ፣ አንብቦ ነው ያኮረፈኝ ብዬ። እሱ ለካ ያልታየ ደብዳቤ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው መርካቶ የወረደው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣» አለኝ፤ አሁን ድምፁ የድሮው የቤተ መጻሕፍቱ ሀብቴ ድምፅ ሆነ። «ሱቅ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱን ነው የማስበው። ምን ይል ይሆን እላለሁ። አንዳንዴ እየሄድኩ ብቻዬን እስቃለሁ፤ በልቼዋለሁ እኮ፣ ግን አላውቀውም። ምን ይል ነበር?»

ዓይኑን አየሁት። አምስቱ መስመሮች አንድ በአንድ መጡብኝ። አትደውልልኝ። አትፈልገኝ። መንገድ ላይም ሰላም አትበለኝ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፍቼ ነበር።

«‹ብታልፍም ብትወድቅም እጠብቅሃለሁ› ነው የሚለው፣» አልኩት።

«በቃ?»

«በቃ። አጭር ነበር።»

በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ቁርስ ሰልፍ ላይ፣ ወረቀቱን እጁ ውስጥ ሳደርግለት አይቼዋለሁ፤ ያው ደስታ ነው።

«አትጠብቂኝ እንግዲህ፣» አለኝ። «ሂጂና ተማሪ፤ እኔም እዚያው ሥራዬን ይዣለሁ። ግን እንኳን ዋጥኩት። እንዲህ የሚል ደብዳቤ ለማንም አይሰጥም።»

ከደጅ ወንድሞቹ ለደመራው ይጠሩታል። እሱ አልተነሣም።

«እስቲ ድገሚልኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

«ብታልፍም ብትወድቅም እጠብቅሃለሁ፣» አልኩት።

ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩን እያነቃነቀ ሦስት ጊዜ አለው፤ በእያንዳንዱ ጉልበቱን በጣቱ መታ እያደረገ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና አየኝ።

«ይቺ እንኳ አትጠፋኝም፣» አለኝ።